ሜርሎ ለምን ጎመዘዘ? ለጎንደር ጠያቂ የተሰጠ ምላሽ

ጥያቄ፦ «ጎንደር ፒያሳ አካባቢ ምግብ ቤት አለኝ። ለጥምቀት እንግዶች ብዬ የአገር ውስጥም የውጭም ሜርሎ በካርቶን ገዛሁ። ያመጣልኝ ሰው ‹ሜርሎ ለስላሳ ነው፣ ወይን ለማያውቅም ይሆናል› ብሎኝ ነበር። ከቢራው ጋር ፍሪጅ ውስጥ እያስቀመጥኩ በብርጭቆ እሸጣለሁ፤ አንድ ጠርሙስ አንዳንዴ ሳምንት ይቆያል። ደንበኞቼ ይጎመዝዛል፣ ምላስ ይይዛል ይላሉ። ከዶሮ ወጥ ጋር ያዘዙት ደግሞ አቃጠለን ብለው ግማሹን ትተውት ሄዱ። ተበላሽቶ ነው? ስኳር ቢጨመርበትስ? ካርቶኑን አቆይው፣ ሲቆይ ይጣፍጣል የሚሉኝም አሉ። ወንድሜ በበኩሉ ሜርሎ የሸክላ አፈር ይወዳል ብሎ አዘዞ ያለንን ቦታ እንትከልበት እያለ ነው። ምን ይሻለኛል?»

መልስ፦ ያልተከፈቱት ጠርሙሶችዎ አብዛኞቹ ደህና ናቸው ብዬ ነው የምገምተው። የተበላሸ ካለ ከተከፈተ በኋላ ሳምንት ሲቀመጥ የተበላሸው ነው። የደንበኞችዎ ቅሬታ አንድ ይመስላል እንጂ ሦስት የተለያዩ ነገሮች ተደባልቀውበታል፤ የቢራው ፍሪጅ ቅዝቃዜ፣ የዶሮ ወጡ በርበሬና ለቀናት ክፍት የቆየው ጠርሙስ። ከሦስቱም በፊት ግን የተነገረዎት ነገር መታረም አለበት።

ሜርሎ ለስላሳ ነው ሲባል ጣፋጭ ነው ማለት አይደለም። ከሌሎች ደረቅ፣ ማለትም ስኳር ያልቀረባቸው ቀይ ወይን ጠጆች ጋር፣ በተለይም ካበርኔ ሶቪኞ ከተባለው ሌላ የወይን ዝርያ ጋር ሲነጻጸር ነው ለስላሳ የሚባለው። ሜርሎ የወይን ዝርያ ስም ነው፤ የመጣውም ከደቡብ ምዕራብ ፈረንሳይ፣ ከቦርዶ ነው። በጽሑፍ መታወቅ የጀመረው በ1780ዎቹ ሲሆን፣ የዘረመል ምርመራ እንዳሳየው የካበርኔ ፍራንና ማግደሌን ኗር ዴ ሻራንት የተባለች ተረስታ የነበረች ዝርያ ልጅ ነው። ካበርኔ ሶቪኞም ከካበርኔ ፍራን ስለሚወለድ ሁለቱ ወንድማማቾች ናቸው ቢባል ስህተት አይሆንም። ጠባያቸው ግን ለየቅል ነው። የሜርሎ ፍሬ ተለቅ ያለ፣ ቆዳው ሳሳ ያለ ነው። ቀይ ወይን ጠጅ ቀለሙንም ሆነ ምላስ የሚይዘውን ታኒን የሚያገኘው በዋናነት ከፍሬው ቆዳና ከዘሩ ስለሆነ፣ ቆዳው ሲሳሳ መጠጡም ይለዝባል። በዚያ ላይ ከካበርኔ ሶቪኞ አንድ ሁለት ሳምንት ቀድሞ ይበስላል፤ ሲበስል ስኳሩ ከፍ፣ አሲዱ ዝቅ ይላል። ቦርዶ ላይ የመከር ጊዜ ዝናብ ሳይደርስበት የሚሰበሰብ ዝርያ ማግኘት ትልቅ ዋስትና ነው፤ ሜርሎ የአካባቢው በብዛት የሚተከል ቀይ ወይን የሆነበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው።

ያ ከፍተኛ ስኳር ታዲያ የት ሄደ? እርሾው በላው። የበሰለ ሜርሎ ጭማቂ በሊትር ከ220 እስከ 240 ግራም ስኳር ይይዛል። እርሾ 17 ግራም ያህሉን በበላ ቁጥር አልኮሉ አንድ ከመቶ ከፍ ይላል። ስለዚህ መለያው ላይ 13 ወይም 14 ከመቶ አልኮል የሚል ደረቅ ሜርሎ ስኳሩን ጨርሷል፤ የሚቀረው ብዙ ጊዜ በሊትር ከ4 ግራም በታች ነው። አንድ ሊትር ኮካ ኮላ ውስጥ ከ100 ግራም በላይ ስኳር አለ። ደንበኛዎ አፉ ጠጅን ወይም ጣፋጩን አክሱሚት ወይን ጠጅ የለመደ ከሆነ፣ ደረቅ ሜርሎ ጎመዘዘኝ ማለቱ አያስገርምም። መጠጡ ምንም አልሆነም፤ የጠበቀውን ስላላገኘ ነው።

ምላስ ይይዛል የሚሉትም ታኒኑን ነው። ስኳር የሌለበት ብዙ የፈላ ሻይ አፍ እንደሚያደርቀው ሁሉ፣ ታኒን ከምራቅ ፕሮቲን ጋር ተጣብቆ ምላስን ሸካራ ያደርገዋል። ይህ የማንኛውም ቀይ ወይን ጠጅ ጠባይ ነው፤ በሜርሎ ይቀንሳል እንጂ አይጠፋም። እግረ መንገዴን ልጨምርና፣ «ሜርሎ» የሚል መለያ ሁልጊዜ መቶ በመቶ ሜርሎ ነው ማለት አይደለም። በአውሮፓ ኅብረት ሕግ የአንድ ዝርያ ስም ለመጻፍ 85 ከመቶው ያ ዝርያ ቢሆን ይበቃል፤ በአሜሪካ 75 ከመቶ። የቀረው ካበርኔ ሲሆን ጠንከር ይላል። ስለዚህ የሁለት አገር ሜርሎ ጎን ለጎን ተቀድቶ ሁለት የተለያየ መጠጥ ቢመስልዎት አይደንግጡ።

አሁን ወደ ፍሪጁ። የቢራ ፍሪጅ ብዙውን ጊዜ 4 ወይም 5 ዲግሪ ነው። በዚህ ቅዝቃዜ የሜርሎ ዋና ሀብት የሆነው የፍሬ መዓዛ አይተንም፤ ትንሿ የጣፋጭነት ስሜትም ትደበቃለች። ታኒኑና አሲዱ ግን ቅዝቃዜው ያጎላቸዋል። እርስዎ ሳያውቁት ወይን ጠጁን ጥሩ ጎኑን ነጥቀው መጥፎ ጎኑን አቅርበዋል ማለት ነው። ቅሬታ ከሚቀርብባቸው ምግብ ቤቶች ብዙዎቹ የሚሳሳቱት እዚሁ ላይ ነው፤ ሰው ወደ ወይኑ ጥራት ይሮጣል እንጂ ቴርሞሜትር አያነሳም።

መድኃኒቱ ግን ከፍሪጅ አውጥቶ መደርደሪያ ላይ መደርደርም አይደለም። «ቀይ ወይን በክፍል ሙቀት ይቀርባል» የሚለው ምክር የተወለደው ማሞቂያ ባልነበረበት የአውሮፓ ቤት፣ 16 ወይም 17 ዲግሪ በሆነ ክፍል ውስጥ ነው። የጎንደር የጥር ሌሊት ቢቀዘቅዝም፣ ከሰዓት በኋላ ፀሐይ የሚመታው በረንዳ 26 እና 27 ዲግሪ ይደርሳል፤ በመጋቢትና በሚያዝያ ደግሞ ከዚያም ያልፋል። በዚያ ሙቀት አልኮሉ ቀድሞ አፍንጫ ላይ ይወጣል፣ መጠጡም ይከብዳል። ሜርሎ የሚጠጣው ከ16 እስከ 18 ዲግሪ ባለው ነው። ፍሪጅ ውስጥ ያደረ ጠርሙስ ለምሳ የሚፈለግ ከሆነ፣ እንግዳው 6 ሰዓት የሚመጣ ቢሆን እርስዎ 4 ሰዓት ላይ ያውጡት። መደርደሪያ ላይ የዋለ ጠርሙስ ከሆነ ደግሞ ከማቅረብዎ በፊት ከግማሽ ሰዓት እስከ አንድ ሰዓት ፍሪጅ ያስገቡት። ተራ የኩሽና ቴርሞሜትር ይግዙና የመጀመሪያዎቹን ጥቂት ቀናት ይለኩ፤ ከዚያ እጅዎ ይለምደዋል።

ዶሮ ወጡ ላይ ግን ሙቀቱን ቢያስተካክሉም ችግሩ አይፈታም። በርበሬ ውስጥ ያለው ካፕሳይሲን የሚነካው ጣዕም የሚለዩትን ሕዋሳት ሳይሆን ትኩስ ነገርን የሚለየውን ነርቭ ነው፤ ለዚህ ነው «አቃጠለኝ» የምንለው። አልኮልም ያንኑ ነርቭ ይበልጥ ስስ ያደርገዋል። ስለዚህ 14 ከመቶ አልኮል ያለው ሜርሎ በደንብ በርበሬ ከገባበት ወጥ ጋር ሲገናኝ፣ ወጡ ከነበረው በላይ ያቃጥላል፣ ታኒኑም በተቆጣው አፍ ላይ መራራ ይሆናል። ሁለቱም ጥሩ ሆነው አብረው ይጣላሉ። ጠጅ ከዶሮ ወጥ ጋር የተስማማው በልማድ ብቻ አይደለም፤ የማሩ ስኳር ቃጠሎውን ያበርደዋል። ስለዚህ አስተናጋጆችዎ ዶሮ ወጥ፣ አዋዜ ጥብስ ወይም ሚጥሚጣ የበዛበት ክትፎ ላዘዘ እንግዳ ሜርሎ እንዳያቀርቡ ይንገሩ። ጠጅ፣ ከፊል ጣፋጭ ቀይ ወይን ጠጅ ወይም ቢራ ይሻለዋል።

ሜርሎ ቦታውን የሚያገኘው ደረቅ ጥብስ ላይ ነው። ስቡና የሥጋው ፕሮቲን ታኒኑን ይይዙለታል፣ የጥብስ ቅጠሉ ሽታም ከወይኑ መዓዛ ጋር ይስማማል። የበግ አልጫ፣ ቅቅልና ጎመን በሥጋም ጥሩ ናቸው። ለውጭ አገር እንግዳ ጥብስና ሜርሎ አንድ ላይ ብታቀርቡለት ሌላ ማብራሪያ አያስፈልገውም። ከጎርጎራ የሚመጣው የጣና ዓሣ ግን ከቀይ ወይን ጋር ሲገናኝ አፍ ውስጥ የብረት ጣዕም ሊያመጣ ስለሚችል ለእሱ ነጭ ይያዙ። ጥምቀት ፍስክ ስለሆነ ሥጋው አያሳስብም፤ በጾም ወቅት የሚጠይቅ እንግዳ ቢመጣ ግን «ጾም ነው» ብለው አያረጋግጡ። ቀይ ወይን ጠጅን በእንቁላል ነጭ ማጥራት ቦርዶ ውስጥ የቆየ ልማድ ነው፣ መለያው ላይም ሁልጊዜ አይጻፍም።

የሳምንቱ ጠርሙስ ሦስተኛው ጣጣ ነው። ወይን ጠጅ ከተከፈተ አየር ይገባዋል፤ አየር ሲያገኙ የኮምጣጤ ባክቴሪያዎች አልኮሉን ወደ አሴቲክ አሲድ ይለውጡታል። ይጎመዝዛል ያሉት ደንበኞች የጠርሙሱን መጨረሻ የጠጡት መሆናቸውን ለማወቅ ቀላል ፈተና አለ፦ አዲስ ጠርሙስ ከፍተው በ17 ዲግሪ ይቅዱና፣ ሳምንት ከቆየው ጋር ጎን ለጎን ይቅመሱ። ልዩነቱ ጎልቶ ከታየ መልሱን አገኙ። ከዛሬ ጀምሮ የተከፈተውን ጠርሙስ የተከፈተበትን ቀን ጽፈው ይለጥፉበት፤ መልሰው ይድፈኑት፣ ፍሪጅ ያስገቡት፣ ከሦስት ቀን በላይ አይሽጡት። ግማሽ ሲቀር ንጹሕ ትንሽ የመስታወት ጠርሙስ ውስጥ እስከ አፉ ሞልተው ቢከድኑት፣ አየር ስለማይኖረው ይበልጥ ይቆያል። ኮምጣጤ የሆነው መርዝ አይደለም፤ ሰላጣ ላይ ይዋል።

ያልተከፈተ ጠርሙስም አንዳንዴ ይበላሻል። ቡሹ ከአፉ ከፍ ብሎ የወጣ ወይም ዙሪያውን ያፈሰሰ ጠርሙስ በሙቀት ተንገላትቷል። ከአዲስ አበባ ወደ ጎንደር የሚመጣ ጭነት የዓባይን በረሃ ማቋረጡን አይርሱ፤ በቀትር ሸራ ስር ቆሞ የዋለ ካርቶን ቃናው የተቀቀለ ዘቢብ ይሆናል። እንዲህ ያለውን ሲረከቡ ይመልሱ። እርጥብ ካርቶን ወይም ሻጋታ የሚሸት ከሆነ ችግሩ የቡሹ ነው፤ ጠርሙሱን መለወጥ እንጂ ማናፈስ አያድነውም። የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ የሚሸተውንም ያስወግዱ። በአንጻሩ ከስር የተቀመጠ አተላ ወይም ቡሹ ላይ የሚያብረቀርቅ ደቃቅ ጠጠር ጉዳት የለውም። ቃሪያ ቃሪያ የሚሸት ሜርሎም ፍሬው በደንብ ሳይበስል ተቆርጦ ነው እንጂ አልተበላሸም፤ ደንበኛው አልወደደው ይሆናል፣ አይጎዳውም።

ስኳር አይጨምሩ። ቀዝቃዛ መጠጥ ውስጥ በቅጡ አይሟሟም፣ ታኒኑንም አያጠፋውም፣ የቀረውን ጠርሙስ ደግሞ ለሌላ ደንበኛ መሸጥ አይችሉም። ደንበኛው በራሱ ኮካ ወይም አምቦ ልቀላቅልበት ካለ ይተዉት፤ ስፔኖችም ቀይ ወይንን በኮካ ይጠጣሉ። ለዚያ ግን ርካሹን ቀይ ይስጡት፤ የውጭ ሜርሎ ለዚህ ማዋል ገንዘብ ማፍሰስ ነው።

አቆይው የሚለውን ምክርም አይስሙ። በቦርዶ ከወንዙ በስተቀኝ ባሉት ቦታዎች፣ በፖምሮልና በሳንት ኤሚሊዮን የሚጠመቁ ሜርሎ የበዛባቸው ወይን ጠጆች አሥርት ዓመታት የሚቆዩ አሉ፤ ፔትሩስን የሚያህል ውድ ስም ከሞላ ጎደል ሜርሎ ብቻ ነው። እነሱ ግን ከመጀመሪያው ለመቆየት የተሠሩና በ12 እና 13 ዲግሪ ጨለማ ውስጥ የሚቀመጡ ናቸው። በካርቶን የሚሸጥ የአዘቦት ሜርሎ የሚጠጣው በወጣትነቱ፣ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ነው። ከኩሽናው በላይ ባለ መደርደሪያ ላይ ከተቀመጠ ደግሞ እየቆየ መሞቱ ነው። ካርቶኑን ምድር ቤት፣ ጨለማና ቀዝቃዛ ቦታ ያኑሩት፤ ቡሽ ያለውን አጋድመው፣ የሚጠመዘዝ ክዳን ያለውን እንደፈለጉ። ከጥምቀት የተረፈውን እስከ ፋሲካ ይሽጡት።

የአዘዞው ነገር ረዘም ያለ መልስ ይፈልጋል፤ ወንድምዎ ግማሽ እውነት ይዟል። ፖምሮል ላይ ሜርሎ ሸክላ አፈር ላይ ይበቅላል፤ ሸክላው ቀዝቃዛና እርጥበት የሚይዝ ስለሆነ ቶሎ ለሚበስል ዝርያ ይስማማል። ነገር ግን እዚያ ውኃ አያቁርም። ቦታችሁ በክረምት ውኃ የሚያቁር፣ በበጋ የሚሰነጣጠቅ ዋልካ ከሆነ የወይን ሥር ታፍኖ ይሞታል። ከፍታውም ቢሆን ምክንያት አይሆንም፤ በአርጀንቲናዋ ሳልታ ከ3,000 ሜትር በላይ ወይን ይለማል፣ አዘዞ ደግሞ 2,000 ሜትር ገደማ ነው። ኢትዮጵያ ውስጥም ሜርሎ በሰፊው ለምቷል፤ ካስቴል የተባለው የፈረንሳይ መጠጥ ኩባንያ ዝዋይ ላይ፣ 1,600 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ፣ ሲራ፣ ካበርኔ ሶቪኞና ሻርዶኔ ከተባሉት ዝርያዎች ጋር ተክሎ ወይን ጠጁን በፈረንጆቹ 2014 ለገበያ አቅርቧል። ከዚያ ጋር ሲነጻጸር አዘዞ ከፍ ስለሚል ትንሽ ሊቀዘቅዝ ይችላል፤ ይህም በራሱ ለሜርሎ አይከፋም።

የሚያስቸግረው ክረምቱ ነው። ጎንደር በዓመት ከ1,000 ሚሊ ሜትር በላይ ዝናብ ታገኛለች፤ አብዛኛው ከሰኔ እስከ መስከረም ይወርዳል። የሜርሎ ቅጠል ዳውኒ ሚልዲው የተባለው ሻጋታ በቀላሉ ያጠቃዋል፣ ስስ ቆዳ ያለው ፍሬውም ዝናብ ካገኘው ይበሰብሳል። እኛ ዘንድ ወይን እንደ ፈረንሳይ በበረዶ ወራት ስለማይተኛ፣ እንዲያብብና እንዲያፈራ የሚያስገድደው የገራዡ መቀስ ነው። ከመስቀል በኋላ ቢገረዝ በአራት አምስት ወር፣ በደረቁ ወራት ይደርሳል፤ ይህ መልካም ነው። ግን በዚያ ሁሉ ጊዜ ውኃ ይፈልጋል፤ የጎንደርን የበጋ ውኃ ደግሞ እርስዎ ከእኔ ይበልጥ ያውቁታል። ክረምት ሲገባ ቅጠሉን ለማዳን መርጨት አይቀርም፤ ቅጠሉ ከረገፈ ተክሉ ለቀጣዩ ዓመት ስንቅ አያከማችም። ትልልቅ እርሻዎች ቡቃያው እኩል እንዲፈነዳ ሃይድሮጅን ሲያናማይድ የተባለ ኬሚካል ይጠቀማሉ። ይህን አይንኩ፤ መርዝ ነው፣ የረጨ ሰው በዚያ ሰሞን አልኮል ከቀመሰ ደግሞ ክፉኛ ይታመማል።

በጣና ዙሪያ ወይን ይለማ እንደነበር የድሮ ተጓዦች ጽፈዋል፤ ወንድምዎ ይህን ቢጠቅስ አልከራከረውም። ወይን መብቀሉና የወይን ጠጅ ንግድ መሆኑ ግን ይለያያሉ። አንድ ጠርሙስ ከአንድ ኪሎ በላይ ፍሬ ይፈጃል። አንድ ደህና እግር ወይን ሁለት ሦስት ኪሎ ይሰጣል፤ የመጀመሪያው ቁም ነገር ያለው ምርትም የሚገኘው በሦስተኛው ዓመት ነው። መቶ እግር ቢተክሉ፣ ወፍ ካልቀደማችሁ፣ በዓመት 200 ጠርሙስ ገደማ ነው። ለዚያ መጥመቂያ በርሜል፣ የላብራቶሪ ምርመራና የመሸጫ ፈቃድ ይቁጠሩበት። ሌላው፣ ከውጭ አገር የሚተከል የወይን ቁራጭ በሻንጣ አስገባለሁ የሚል ዘመድ ካለ ይከልክሉት። ፊሎክሴራ የተባለችው የሥር ተባይ ከ1860ዎቹ ጀምሮ የአውሮፓን ወይን ያወደመችው ከውጭ በመጣ ተክል ተሳፍራ ነው፤ የወይን ችግኝ ያለ ኳራንታይን ፈቃድ አይገባም።

ስለዚህ ቁርጡን ልንገርዎ። አዘዞ ላይ ሜርሎ አትትከሉ። መሬቱ ውኃ የሚያሳልፍ ከሆነ ጌሾ ይትከሉበት፤ ጠላና ጠጅ በሚጠመቅበት ከተማ ገዢ አያጣም፣ በየዓመቱ መቀስና መርጨት አይጠይቅም። ወይን ካማራችሁ ለማዕድ የሚሆን ዝርያ ሁለት ሦስት እግር አጥር ላይ አውጡ፤ ወንድምዎም መግረዝ ይማርበታል። ምግብ ቤቱን በተመለከተ ደግሞ ለጥምቀት አንድ ሜርሎና አንድ ከፊል ጣፋጭ ቀይ ብቻ ይያዙ። ሜርሎውን ከጥብስ ዝርዝር አጠገብ፣ ከፊል ጣፋጩንና ጠጁን ከዶሮ ወጡ አጠገብ ይጻፏቸው። አስተናጋጁ ከመቅዳቱ በፊት «ደረቅ ነው፣ ስኳር የለውም» ብሎ ለእንግዳው ይንገር፤ በሙሉ ጠርሙስ ላላዘዘም መጀመሪያ ጥቂት ቀድቶ ያስቀምሰው።